የምትደግፍ እጅ፣ የምትለቅ እጅ፦ መቀመጥና መሄድ ለዘገየባቸው ሕፃናት የሰበካችን ድርሻ

(በሮቤ ከተማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮች ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት የመፃጉዕን ታሪክ እንሰማለን። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት ታምሞ የኖረው ያ ሰው ለጌታችን ያመለከተው የሕመሙን ጽናት አልነበረም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ አንሥቶ የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር። ይህን ወንጌል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ በቅዳሴም አገልግዬበታለሁ። ትርጉሙ ግን ዘግይቶ፣ ያውም በራሴ ጥፋት ነው የገባኝ።

በማገለግልበት ደብር በር ላይ አንዲት እናት ልጇን አዝላ በየሰንበቱ ትቆም ነበር። እኔም እንደ ሌላው ሰው ምጽዋት ሰጥቼ አልፍ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ይዞን በደጀ ሰላሙ ስንጠለል «እኅቴ፣ ልጁን ጥቂት አውርጂው እንጂ፤ ይደክምሻል» አልኋት። «ዲያቆን፣ አውርጄ የት ላስቀምጠው? ወገቡ አይጸናም። አራት ዓመት ሞልቶታል» አለችኝ። ሐኪም አይቶት ያውቅ እንደ ሆነ ስጠይቃት «ማን ያሳየኛል?» ብላ ዝም አለች። በኋላ ልጁ ሲመረመር የጭኖቹና የቁርጭምጭሚቶቹ ጡንቻዎች አጥረው ተገኙ። እገዛው ቀደም ብሎ ቢጀመር ኖሮ እንዲህ ባልጠነከረ ነበር ብለው ባለሙያው ነገሩን። እኔ ለሁለት ዓመት ሳንቲም ስሰጣት አንዲት ጥያቄ ነፍጌያት ኖሬአለሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህች ጥያቄና ከጥያቄዋ በኋላ ስለሚመጣው ሥራ ነው።

ሕፃኑ ለምን ይዘገያል?

አብዛኞቹ ጤናማ ሕፃናት በ9 ወራቸው ያለ ድጋፍ ይቀመጣሉ፤ በ18 ወራቸውም ብቻቸውን ይሄዳሉ። ከዚህ ያለፈ ልጅ ሁሉ የከፋ ሕመም አለበት ማለት አይደለም፤ ነገር ግን መመርመር ይገባዋል።

ከምክንያቶቹ አንዱ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ነው። ይህም ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል በማኅፀን ሳለ፣ በምጥ ጊዜ ወይም ከተወለደ በኋላ ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሚዛን ችግር ነው። ያለ ጊዜው መወለድ፣ በምጥ መርዘም መታፈን፣ ሳይታከም የቀረ የአራስ ልጅ ቢጫነት፣ የማጅራት ገትር ሕመም ከሚያስከትሉት መካከል ናቸው። ሌላውና እኛ ደገኞች ልናስተውለው የሚገባው ሪኬትስ ነው። በባሌ ደጋ ብርዱ የጠና ስለ ሆነ እናቶች ሕፃናትን ሸፍነው በቤት ያቆያሉ፤ ፀሐይ ያላገኘ ሕፃን ደግሞ በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንቱ ይለሰልሳል፣ መቆሚያውም ይዘገያል። ይህኛው በጊዜው ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። ስለዚህ የዘገየ ሕፃን ሁሉ አስቀድሞ በጤና ጣቢያ ይታይ፤ አስፈላጊ ሲሆንም ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ይላክ። በተለይም ይሄድ የነበረ ልጅ መሄዱን ካቆመ፣ ወይም የሚጥለው ሕመም ካለበት፣ አንድ ሳምንት እንኳ አይቆይ።

በእነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ እርግማን የለም፤ የወላጅ ኃጢአትም የለም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን እንደ በደለ ሲጠይቁ ጌታ የሰጠውን መልስ ሁላችን እናውቀዋለን። ይህን በዐውደ ምሕረት በግልጽ ብናስተምር በየጓዳው የተደበቁ ሕፃናት ወደ ብርሃን ይወጣሉ።

የእጅ እገዛው ምን ዓይነት ነው?

ፊዚዮቴራፒ ሲባል ብዙዎቻችን የወጌሻን እሽት እናስባለን። ወጌሻዎቻችንን አልነቅፍም፤ ይሁን እንጂ በአንጎል ጉዳት የገተረን እግር በኃይል መሳብ ጡንቻውን ይበልጥ ያስቆጣዋል፤ አጥንትንም ሊሰብር ይችላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጅ ቀስ ያለች ናት። ዳሌውን ወይም ትከሻውን ትይዛለች፤ የልጁን ክብደት በዝግታ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ታዛውራለች፤ ልጁም ራሱን ሊያቀና ሲጥር ትጠብቀዋለች። ሚዛን የሚገኘው በዚያ ጥረት ነው።

ከናዚ አገዛዝ ሸሽተው በለንደን የኖሩት በርታ ቦባትና ሐኪሙ ባለቤቷ ካሬል ቦባት ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን የእጅ አያያዝ በሰፊው አስተማሩ። ከእነርሱ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ አንድ ነገር አረሙ፤ ልጁ ዝም ብሎ ሌላው ሲያንቀሳቅሰው ያለው ጥቅም ጥቂት ነው፤ ራሱ ሊያደርገው የሚፈልገውን ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ግን ይለወጣል። ስለዚህ የምትረዳ እጅ ሁለት ነገር መቻል አለባት፤ መደገፍና በጊዜው መልቀቅ። ሁልጊዜ የሚታቀፍ ልጅ መውደቅን አይማርም፤ መውደቅን ያልተማረ መቆምንም አይማርም።

ይህ ሕክምና የተጎዳውን አንጎል አይመልስም፤ ይህን ለወላጆች በእውነት መንገር ይገባል። አንዱ ልጅ ይሄዳል፣ አንዱ በድጋፍ ይቆማል፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ከቤተሰቡ ጋር ይመገባል። አዝላው ለኖረች እናት ግን ሦስተኛውም ቢሆን ታላቅ ዕረፍት ነው።

በቤት ውስጥ የሚሠራው

ባለሙያ በወር አንድ ቀን ቢገኝ ሃያ ዘጠኙ ቀን የእናትና የአባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ለማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ያወጣው የሥልጠና መጽሐፍም በዚህ አሳብ ላይ የቆመ ነው። ልጁ ተመርምሮ ባለሙያው ከፈቀደ እነዚህን የመሰሉ ልምምዶች በቤታችን ይቻላሉ።

አንደኛ፣ እናቲቱ ተቀምጣ ልጁን በአንድ ጭኗ ላይ እንደ ፈረስ ታስቀምጠው፤ ዳሌውን በሁለት እጇ ይዛ ጭኗን በዝግታ ወደ ጎን ታዘንብል። ልጁ ወገቡን ሲያቀና ታመስግነው፤ በሚቀጥለው ጊዜም አያያዟን ታላላ።

ሁለተኛ፣ ልጁ መደብ ይዞ ይቁም፤ የሚወደውን ነገር ትንሽ ራቅ አድርገው ያስቀምጡለት፤ ሊይዘው ወደ ጎን ይራመድ። ከዚያም በደጅ ሁለት የባሕር ዛፍ አግዳሚ በልጁ ወገብ ልክ በባላ ላይ ይሠራለት፤ በመካከላቸው ይመላለስ። ምስማርና ገመድ ካለ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ለእጅ ቅንጅት ሰፌድ ላይ ስንዴና ባቄላ ቀላቅለው ይለይ። በእኛ አገር ስንዴ አይጠፋም። ወደ አፉ የሚከት ሕፃን ከሆነ ግን ከዓይን አይለይ።

ልምምዱ በቀን ጥቂት ጥቂት፣ ከጨዋታ ጋር ይሁን። ልጁ በሕመም ካለቀሰ ይቁም፤ ባለሙያውም ይጠየቅ። ሲመገብ ደግሞ ተንጋሎ አይጉረስ፤ ትን ሊለው ይችላልና።

ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው መጠየቅ ነው። የንስሐ አባት በየቤቱ ይገባል፤ ከማንም በፊት የሚያየው እርሱ ነው። «በዚህ ቤት መቀመጥ ወይም መሄድ የዘገየበት ልጅ አለን?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቤተሰቡን አስፈቅዶም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያስታውቅ።

ሁለተኛው መንገድ ነው። ከገጠር ቀበሌ ጎባ ደርሶ ለመመለስ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ አለ። ሰበካው ለዚህ ትንሽ ሣጥን ቢለይ ብዙ ያድናል። የአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት አዲስ አበባ ወዳለው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ሊላኩ ስለሚችሉ አስቀድሞ ማሰብ መልካም ነው።

ሦስተኛው ጸበልንና ሕክምናን አለማጣላት ነው። አባቶቼ፣ እናት ልጇን ይዛ ጸበል ስትመጣ «ልምምዱን አቋርጪ» የሚል ቃል ከእኛ አፍ አይውጣ። ይልቁንም «ዛሬ አሠራሽውን?» ብለን እንጠይቃት። መፃጉዕ ከተፈወሰ በኋላ አልጋውን የተሸከመው ራሱ ነበር።

አራተኛው ለሁሉ መሆን ነው። በባሌ ጎረቤታችን ብዙው ሙስሊም ነው፤ የብዙ እናቶችም ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ልምምዱን የምታሳይ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ በዚያ ቋንቋ ታስረዳ፤ አግዳሚውም ለጎረቤት ልጅ ይሁን። ሕፃን በሃይማኖቱ ተለይቶ አይወድቅም።

አምስተኛው እናቲቱን ማሳረፍ ነው። የጽዋ ማኅበርተኞች በሳምንት አንድ ቀን እየተፈራረቁ ውኃ ቢቀዱላት፣ ልጁን ቢይዙላት፣ ልምምዱ ሳይቋረጥ ይሰነብታል። ሲቋረጥ ያየሁት ሁሉ የተቋረጠው እናት ብቻዋን ስትቀር ነው።

አባቶቼ፣ እኛ በማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ስንቆም መቋሚያ እንይዛለን። በመቋሚያ የተደገፈን ሰው የሚንቅ የለም፤ ጸንቶ እንዲያመሰግን እንደ ረዳው እናውቃለንና። ለእነዚህ ሕፃናት የምንለምነው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ያ በደጀ ሰላም ያገኘሁት ልጅ ዛሬም ብቻውን አይሄድም። ነገር ግን አባቱ በሠራለት የባሕር ዛፍ አግዳሚ መካከል ይቆማል፤ በሰንበትም እናቱ ከጀርባዋ አውርዳ በደጀ ሰላሙ መቀመጫ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ወገቡም ይጸናል። ባለፈው እሑድ ሳልፍ እጁን ዘርግቶ ያዘኝ። ሳንቲም እንደሚፈልግ አስቤ ኪሴን ዳበስሁ፤ እርሱ ግን የፈለገው ተደግፎኝ ሊነሣ ነበር።

በየደብራችሁ በር ላይ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ከዚህ ስትመለሱ ጠይቁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።