የይለፍ ቃላችንን በትንሽ ወጪ የት እናስቀምጥ?

(ባለፈው እሑድ ከወርሃዊው ስብሰባ በኋላ በማኅበራችን አዳራሽ የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላይ መገኘት ላልቻሉ ነዋሪዎች እንዲደርስ ሙሉ ቃሉ በዚህ ሰሌዳ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ውኃ መስመርም ስለ ጥበቃ ክፍያም አይደለም። ስለ ይለፍ ቃል፣ በተለምዶ ፓስወርድ ስለምንለው ነገር ነው። "ይሄማ የወጣቶችና የቢሮ ሠራተኞች ጉዳይ ነው" የሚል ካለ፣ እስቲ መጀመሪያ በራሳችን በማኅበሩ ላይ የደረሰውን እንንገራችሁ።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ዓመት ጸሐፊያችን ድንገት ታመው ሆስፒታል ገቡ። የአባላት መዝገብና የመዋጮ ሒሳብ ተቀምጦ የነበረው በማኅበሩ ኢሜይል ውስጥ ነው። ኢሜይሉን የሚከፍተው ቃል ግን ከእሳቸው ጭንቅላት በቀር የትም አልነበረም። "ቃሉን ረሳሁ" የሚለውን ስንጫን፣ ማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ከሁለት ዓመት በፊት በጠፋባቸው ሲም ካርድ ሆነ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ ሳናውቅ ቆየን። በዚያው መሐል ሐዘን የደረሰበት አንድ ቤተሰብ የሚገባውን እርዳታ በወቅቱ ሳያገኝ ቀረ። ጥፋቱ የጸሐፊያችን አይደለም፤ ነገሩን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የጣልነው የሁላችንም ነው።

ሁለተኛው ደግሞ የአንዲት ጎረቤታችን ነው። ለኢሜይሏም፣ ለፌስቡኳም፣ ለዕቃ መግዣ ገጹም አንድ ቃል ነበር የምትጠቀመው። ያ ቃል ከአንዱ ቦታ ወጣ። ሌቦቹ ያገኙትን ቃል በሌላውም በር ሞከሩት፤ ከፈተላቸው። ከዚያ በእሷ ስም ለዘመድ አዝማድ "ቸግሮኛልና ብር ላኩልኝ" እያሉ ጻፉ። የላኩም አሉ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው ነው፤ አንድ ቁልፍ ለሁሉም በር ያደረገ ሰው አንዱን ሲያስወስድ ሁሉንም ያስወስዳል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለእያንዳንዱ በር የተለየ ረጅም ቃል ማውጣት ነው። ነገር ግን ሃያና ሠላሳ ቃል በጭንቅላቱ የሚይዝ ሰው የለም። ለዚህ ነው ፓስወርድ ማናጀር የሚባለው ፕሮግራም የተሠራው። እኛ ለዛሬው "የቁልፍ ሣጥን" እንበለው። ዕድሮቻችን ገንዘባቸውን በብረት ሣጥን ቆልፈው ይይዙ እንደነበረው ሁሉ፣ ይህም ሌሎቹን ቃሎች ሁሉ በአንድ ቦታ ቆልፎ ይይዝላችኋል። እናንተ የምትይዙት አንድ ዋና ቁልፍ ብቻ ነው። ሣጥኑ የሚቆለፈው እዚያው ስልካችሁ ላይ ነው። ድርጅቱ ዘንድ ቅጂው ቢቀመጥ እንኳ የሚቀመጠው ተቆልፎ ነው፤ በሚገባ የተሠራ ከሆነ ድርጅቱ ራሱ ሊከፍተው አይችልም። ሌላም ጥቅም አለው። የባንክ ገጽ አስመስለው የሠሩት የውሸት ገጽ ሲገጥማችሁ ዓይናችሁ ሊታለል ይችላል፤ ሣጥኑ ግን አድራሻው ካልገጠመለት ቃሉን አይሞላም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ብዙዎቻችሁ "ደኅናው በገንዘብ ነው፤ ነጻው ይሰበራል" ብላችሁ እንደምታስቡ እናውቃለን። የሚከፈልባቸው ዋጋቸው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላር በብር ምን ያህል እንደተወደደ ለእናንተ አንነግርም፤ በዚያ ላይ የብር ካርዳችን እዚያ በአብዛኛው አይሠራም። ደግነቱ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃው በነጻ ይገኛል። እኛ ያየናቸው ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ስልካችሁ ውስጥ ያለው ነው። አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው የጉግል ቃል መያዣ አብሮት መጥቶለታል፤ አይፎን የያዘም የአፕልን ያገኛል። ምንም ማውረድ አያስፈልግም። ለጀማሪ ይበቃል። ጉድለቱ፣ የጉግል አካውንቱን ያጣ ሣጥኑንም አብሮ ማጣቱ ነው። ከመካከላችን ስልክ ሲገዛ አካውንቱን የሱቁ ልጅ የከፈተለት፣ ቃሉንም የማያውቀው ሰው ስንት ነው? እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ የራሱን አካውንት ይክፈት።

ሁለተኛ፣ ቢትዋርደን የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሲሆን አሠራሩ ለማንም ባለሙያ ምርመራ ክፍት ነው። በነጻው የቃሉም የመሣሪያውም ብዛት አይገደብም፤ ስልክ ላይ ያስገባችሁትን ኮምፒውተር ላይ ታገኙታላችሁ። ከዚህም በላይ ሁለት ሰዎች አንድ የጋራ ክፍል በነጻ ሊይዙ ይችላሉ፤ ባልና ሚስት፣ ወይም እንደ እኛ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ማለት ነው። ኔትዎርክ ሲጠፋ በስልኩ የተቀመጠውን ቅጂ ማንበብ ይቻላል፤ አዲስ ቃል ለማስገባት ግን ኔትዎርክ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ኪፓስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ የሆነ ነው። ለስልክ ኪፓስ ዲኤክስ፣ ለኮምፒውተር ኪፓስ ኤክስሲ አለ። ሣጥኑ እናንተው እጅ ያለ አንድ ፋይል ነው፤ ኢንተርኔት ጨርሶ አይፈልግም። ኃላፊነቱም የእናንተው ነው፤ ስልኩ ከተሰረቀና በፍላሽ ላይ ቅጂ ካልያዛችሁ የሚመልስላችሁ የለም።

የቱንም ብትመርጡ ከስልኩ ኦፊሴላዊ የመተግበሪያ መደብር ብቻ አውርዱ። ዳታ ለመቆጠብ ከጓደኛ በዜንደር መቀበል፣ ወይም በቴሌግራም የተለቀቀውን መጫን ለጨዋታ ይሁን፤ የቁልፍ ሣጥን ግን እንዲህ አይወሰድም። ማን እንደነካካው አይታወቅማ!

ገንዘብ መክፈል ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ላስትፓስ የሚባለው በዚህ ሥራ የታወቀ ድርጅት ነው፤ የሚከፍሉም የማይከፍሉም ብዙ ደንበኞች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2022 ሌቦች ገብተው የደንበኞቹን የተቆለፉ ሣጥኖች ቅጂ ወሰዱ፤ ድርጅቱም ይህንኑ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ገለጸ። የድረ ገጾቹ አድራሻ ሳይቆለፍ ተቀምጦ ስለነበር የማን ሣጥን ውስጥ የምን በር ቁልፍ እንዳለ ሌቦቹ ሊያዩ ቻሉ። ሣጥኑን ቤቱ የወሰደ ሌባ ደግሞ ማንም ሳያየው፣ ሳይቸኩል፣ ቀን ከሌት ዋናውን ቁልፍ ሲገምት ሊከርም ይችላል። ዋና ቁልፉ ደካማ የሆነበት ሰው ይጋለጣል፤ ጠንካራ ያደረገው ይተርፋል። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ከሣጥኑ ዋጋ ይልቅ ዋናው ቁልፍ ይበልጣል፤ እሱ ደግሞ በገንዘብ አይገዛም።

ዋናው ቁልፍ እንዴት ይወጣል? የልጅ ስም፣ የልደት ዓመት፣ የስልክ ቁጥር አይሁን። ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር በጠቅላላው 1,000,000 ዓይነት ብቻ ነው፤ ለኮምፒውተር ይህ የቁርስ ያህል አይሆንም። ይልቅ መዝገበ ቃላት አንሡ፤ ዓይን ጨፍናችሁ ገልጣችሁ ጣታችሁ ያረፈበትን ቃል ያዙ፤ አምስት ጊዜ ድገሙት። ለምሳሌ "ድንች መሰላል ኩራዝ ጉማሬ ሰኞ" ሊሆን ይችላል። (ይህንኑ እንዳትጠቀሙበት፤ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል!) ከ5,000 ቃላት ውስጥ አምስት በዕጣ ቢወጡ ከ3 ሚሊዮን ትሪሊዮን በላይ ዓይነት ይሆናል። ለሌባ ከባድ ነው፤ ለእናንተ ግን እንደ ተረት ይታወሳል።

አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። ቃሎቹን በላቲን ፊደል ጻፏቸው። የአማርኛ መጻፊያ በሁሉም ስልክ ላይ የለም። ደግሞም "ፀሐይ" የሚለውን አንዱ በዚህ ጸ፣ ሌላው በዚያ ፀ፣ አንዱ በሐ፣ ሌላው በሀ ይጽፈዋል፤ ሣጥኑ ግን ይቅርታ አያውቅም። በላቲንም ቢሆን እንዴት እንደጻፋችሁት ፊደል በፊደል ያዙት። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ መቀየር አያስፈልግም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ያንን የድሮ ምክር ትቶታል፤ የሚቀየረው ቃሉ መውጣቱ ሲታወቅ ነው።

ቀጥሎ የወረቀቱ ጉዳይ አለ። ዋና ቁልፉ ቢረሳ እንደ ቢትዋርደን ያለው ድርጅት ሊመልስላችሁ አይችልም፤ መክፈት አይችልማ። ስለዚህ በወረቀት ጻፉት፤ በፖስታ አሽጉት፤ የቤት ካርታና የጋብቻ ወረቀት በሚቀመጥበት ቦታ አስቀምጡት። ከቤተሰብ አንድ የምታምኑት ሰው ቦታውን ይወቅ። የድሮ ሲም የተመዘገበበት አካውንት ያላችሁም ቁጥሩን ዛሬውኑ ቀይሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሣጥኑ የማይከላከለው ነገርም አለ። ከባንክ ነው፣ ከቴሌ ነው ብሎ የሚደውል ሰው "በመልእክት የደረሰህን ቁጥር አንብብልኝ" ቢላችሁና ብታነቡለት፣ ሣጥኑ ምንም አያደርግላችሁም። የቴሌብር ምሥጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ ለሠራተኛም፣ ለእኛም ቢሆን። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን አብሩት፤ በነጻ ነው።

ስማርት ስልክ የሌላችሁ፣ ወይም ይህ ሁሉ የከበዳችሁ እናቶችና አባቶች አትፈሩ። ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል አውጥታችሁ በደብተር ጽፋችሁ ቤት ውስጥ ቆልፋችሁ ብታስቀምጡት፣ አንዱን ቃል ለሁሉም ከሚጠቀም ሰው በእጅጉ ትሻላላችሁ። ሩቅ አገር ያለ ሌባ ቁም ሣጥናችሁን አይከፍትም። ደብተሩ ግን ቦርሳ ውስጥ አይዙር፤ ፎቶውም ስልክ ላይ አይነሣ።

በመጨረሻም ማኅበሩ ራሱ ምን እንዳደረገ እንግለጽ። የኢሜይላችን ቃል ተቀይሯል። በጋራ ክፍል ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ይዘውታል። የታሸገ ቅጂው በማኅበሩ ብረት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኑን የሚከፍቱት ሁለት ቁልፎች በሁለት የተለያዩ ሰዎች እጅ ናቸው። ፖስታው የሚከፈተው ሁለቱም ባሉበት ብቻ ነው። ለዚህ ሁሉ ያወጣነው የአንድ ፖስታ ዋጋ ነው።

በሚመጡት ሁለት ቅዳሜዎች ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ወጣቶቻችን በጽሕፈት ቤቱ ተገኝተው ያግዟችኋል። ስልካችሁንና ቻርጀራችሁን ይዛችሁ ኑ። ቃሉን ግን ራሳችሁ ጻፉ፤ የሚያግዛችሁ ልጅ ፊቱን ያዞራል። ካላዞረ ለእኛ ንገሩን!



የነዋሪዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት