ቆሞ ማሣቅ እንዴት ይጀመራል?

(በሬዲዮ የተነገረ)



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቁም ነገር መስሎ ላይታይ ይችላል። ይኸውም አንድ ሰው ያለ ባልደረባ፣ ያለ ሙዚቃና ያለ ልዩ ልብስ ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ የማያውቁትን ሰዎች በንግግሩ ብቻ የሚያሥቅበት ሙያ፣ በውጭው አጠራር ስታንድ አፕ ኮሜዲ የሚባለው፣ እንዴት እንደሚጀመር ነው። በተለይም ጀማሪ ሁሉ ስሙን አስመዝግቦ በተራው የሚወጣበትን፣ ኦፕን ማይክ የሚባለውን ምሽት እንመለከታለን። ትርጓሜው «ለሁሉ የተከፈተ ማይክሮፎን» እንደ ማለት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩን ለማስረዳት ከመካከላችሁ አንድ ሰው ልምረጥ። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የታወቀ ተጫዋች ሰው አይጠፋም። የሻይ ሰዓት ሲደርስ ወንበሮች ወደ እርሱ ይሳባሉ፤ የክፍሉን ኃላፊ አረማመድ ሲያሳይ፣ የመዝገብ ቤቱን ሰው አነጋገር ሲያስመስል፣ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ሳይቀሩ ሥራቸውን አቁመው ይመጣሉ። ያ ሰው እርስዎ ነዎት እንበል። «አንተ እኮ መድረክ ላይ መውጣት ነበረብህ» ያላለዎት ባልደረባ የለም። እንግዲህ አንድ ቀን ምክሩን ተቀብለው ቢወጡ ምን ይገጥምዎታል? የሚገጥምዎ ዝምታ ነው።

ዝምታው የሚመጣው ጨዋታዎ ስለከፋ አይደለም። በሻይ ሰዓት የከበቡዎት ሰዎች የቀልዱን እኩሌታ አስቀድመው ተሸክመውልዎት ነበር። ኃላፊውን ያውቁታል፤ ጧት በማን ላይ እንደተቈጣ ሰምተዋል፤ እርስዎንም ይወዱዎታል። የቀረውን እኩሌታ ብቻ ጣል ሲያደርጉበት ሣቁ ይሞላል። መድረኩ ፊት የተቀመጠው እንግዳ ሰው ግን ኃላፊዎን አያውቅም፤ እርስዎንም ከመንገደኛ አይለይም፤ ምናልባትም ከባለቤቱ ጋር ተጣልቶ የመጣ ይሆናል። ስለዚህ ጀማሪው ከማሣቅ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባ ሥራ አለ፤ ይኸውም በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር ለማያውቀው ሰው የራሱን ዓለም ማስተዋወቅ ነው። ይህን ደግሞ በጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ መማር አይቻልም። የጀማሪዎች ምሽት ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ልማድ በሰፊው የዳበረው በአሜሪካ ነው። በ1963 ዓ.ም. ባድ ፍሪድማን የተባለ ሰው በኒው ዮርክ ከተማ «ኢምፕሮቭ» የተባለውን ቤት ሲከፍት፣ ሐሳቡ የቲያትር ሰዎች ከሥራ በኋላ አረፍ ብለው የሚዘፍኑበት ቡና ቤት ለማቋቋም ነበር፤ ቀልደኞቹ የበረከቱበት በኋላ ነው። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ በሎስ አንጀለስ «ኮሜዲ ስቶር» ተከፈተ፤ በዚያ ቤት የሰኞ ማታ መድረክ ስማቸው ላልታወቀ ሰዎች የተተወ ሆነ። በዚያው ስም በ1979 ዓ.ም. በለንደን የተከፈተው ቤት ግን ጭካኔ ነበረበት። ተመልካቹ የተሰላቸ እንደሆነ ይጮሃል፤ የመድረኩም መሪ ጎንግ የሚባለውን ትልቅ የነሐስ ሳሕን ይመታል፤ ጀማሪውም ንግግሩን ሳይጨርስ ይወርዳል። እኔ ይህን ዓይነቱን አቀባበል ብዙ አላደንቅም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ያስተማረ ትምህርት ቤት መሆኑን መካድ አይቻልም።

የምሽቱ ሥርዓት ከቦታ ቦታ ብዙ አይለያይም። ጀማሪው በጊዜ መጥቶ ስሙን ያስመዘግባል፤ አለዚያም ስሙ በወረቀት ተጽፎ ባልዲ ውስጥ ይገባና በዕጣ ይወጣል። የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። ጊዜው ሊያልቅ ሲል ከአዳራሹ ኋላ ትንሽ መብራት ይበራለታል፤ ያን አይቶ ንግግሩን መቋጨት ግዴታው ነው። ከተፈቀደለት ጊዜ ያለፈ ሰው ቢያሥቅ እንኳ አይመሰገንም፤ ከኋላው ተራ የሚጠብቀውን ሰው ደቂቃ ወስዷልና። (በስብሰባ ላይ ንግግር ማሳጠር ለሚያቅታቸው ሰዎችም እንዲህ ያለ መብራት ቢተከል መልካም በሆነ ነበር።)

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ተመልካቹ ነው። በጀማሪዎች ምሽት ከተቀመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸው ተራ የሚጠብቁ ጀማሪዎች ናቸው፤ ዓይናቸው መድረክ ላይ ቢሆንም ልባቸው በኪሳቸው ባለው ወረቀት ላይ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንድ እውነተኛ ሣቅ ያገኘ ሰው ቀልዱ ደህና እንደሆነ ሊያምን ይችላል። በአንዳንድ ቤት ግን ጀማሪው መድረክ እንዲያገኝ መጠጥ የሚገዙ ወዳጆችን ይዞ እንዲመጣ ይጠየቃል። ይህ ለቤቱ ባለቤት ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለጀማሪው አይጠቅምም። ወዳጅ የሚሥቀው ለወዳጅነቱ ነው፤ እንደገና ወደ ሻይ ሰዓት ተመለስን ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ቀልዱ እንግባ። ቀልድ ሰሚውን በአንድ መንገድ የሚመራ መነሻና ከዚያ መንገድ ድንገት የሚያወጣ መምቻ አለው። ለምሳሌ መድረኩ ላይ ቆመው እንዲህ አሉ እንበል፦

«በመሥሪያ ቤታችን አንድ አስፈላጊ ፋይል ጠፍቶ ይህንኑ የሚፈልግ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በደብዳቤ ተቋቁሞ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ኮሚቴው ራሱ የገባበት ጠፋ፤ ፋይሉ ግን በሦስተኛው ቀን ተገኘ።»

ነገሩ የሚያሥቅ ነበር፤ ነገር ግን የሚሥቅ አይኖርም። ድንገተኛው ነገር የኮሚቴው መጥፋት ሆኖ ሳለ በመካከል ተቀብሯል። ሰሚው ሊሥቅ ሲቃጣው እርስዎ ገና ስለ ፋይሉ እየነገሩት ስለሆነ፣ እንዳያቋርጥዎ ሣቁን ይውጠዋል። አሁን ደግሞ እንዲህ ይሞክሩት፦

«በመሥሪያ ቤታችን አንድ ፋይል ጠፋ። የሚፈልግ ኮሚቴ ተቋቋመ። ፋይሉ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። አሁን የምንፈልገው ኮሚቴውን ነው።»

አምስቱ አባላት ቀሩ፤ ደብዳቤውም ቀረ። «ተገኘ» ሲሉ ሰሚው ወሬው ያለቀ መስሎት ያርፋል፤ መምቻው የሚመጣው ባረፈበት ቦታ ነው። ከመምቻውም በኋላ የሚከተል ቃል ስለሌለ ለሣቁ በር ተከፍቶለታል። በእንግሊዝኛ የሚቀልዱ ሰዎች የሚመታው ቃል መጨረሻ ላይ ይምጣ የሚል የታወቀ ሕግ አላቸው። በአማርኛ ይህ ሕግ እንዳለ አይሠራም። በቋንቋችን ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሡ ስለሆነ፣ የምንፈልገው ስም ብዙ ጊዜ በመካከል ይቀራል። ስለዚህ የአማርኛ ቀልደኛ ወይ ድንገቱን በግሡ ላይ ያኖረዋል፣ ወይም እንደ ምሳሌያችን ስሙን ወደ «ነው» ያስጠጋዋል። ከእንግሊዝኛ የሰሙትን ቀልድ ቃል በቃል አምጥተው በአማርኛ የሚናገሩ ጀማሪዎች ዝምታ የሚገጥማቸው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይሆንም፤ ኅብረ ቃሉ ያለ ቦታው ከገባ ወርቁ እንደማይወጣ ያውቃልና።

ሣቁ እንደመጣ ወደ ሌላ ወሬ መዝለል አይገባም። ሞቅታው በረድ ሲል «አበል ለመቀበል ግን የጠፋ አባል የለም» ብለው ቢጨምሩበት፣ አዲስ መነሻ ሳያበጁ ሁለተኛ ሣቅ ያገኛሉ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዲህ ያለው ቁጠባ ብዙ ዋጋ አለው።

ነገር ግን ይህን ሁሉ አስተካክለው ቢጽፉም፣ የሚሥቁት ይህን ሰምተው እንደሆነ አስቀድሞ ሊነግርዎ የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ ወደ መድረክ ሲወጡ ስልክዎ ድምፅ እየቀዳ በኪስዎ ይሁን። በማግሥቱ ሲሰሙት ብዙ ጊዜ የሚያስገርም ነገር ያገኛሉ፤ መምቻ ያሉት በዝምታ አልፎ፣ እንደ ዋዛ ያለፉት የመነሻ ቃል አሥቆ ይገኛል። እንግዲህ ያ ቃል መምቻ ሊሆን ይገባዋል ማለት ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በየምሽቱ አዲስ ነገር ይዞ በመቅረብ ነው። የሚበጀው ያንኑ ሦስት ደቂቃ፣ አንድ ቃል እያወጡና አንድ ቃል እያገቡ፣ አሥርና ሃያ ጊዜ በተለያየ ሕዝብ ፊት ደጋግሞ መናገር ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሙያው ግን ይኸው ነው።

እኛ ከካሴት የሰማነው የነተስፋዬ ካሳ፣ የነልመንህ ታደሰና የነአለባቸው ተካ ጨዋታ ያለቀለት ሥራ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ስለነበረው ድካም የምናስብ ጥቂቶች ነን። ጄሪ ሳይንፌልድ በ1976 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ሲወጣ ያዘጋጀው ሁሉ ጠፍቶበት፣ የቀልዶቹን ርእስ ብቻ አንድ በአንድ ጠርቶ እንደወረደ ራሱ ሲናገር ተሰምቷል። ይኸው ሰው በዓለም ከታወቀ በኋላ የቀድሞ ቀልዶቹን ሁሉ ትቶ እንደገና ከባዶ ሲጀምር፣ በትንንሽ ቤቶች ወረቀት ይዞ ሲደነቃቀፍ የሚያሳይ «ኮሜዲያን» የተባለ ፊልም በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ዝናው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሲረዳው፣ ከዚያ በኋላ ቀልዱ ራሱን እንዲችል ሲገደድ እንመለከታለን። ስቲቭ ማርቲንም በ2007 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ በመድረክ ካሳለፋቸው አሥራ ስምንት ዓመታት አሥሩ የመማሪያ ጊዜ እንደነበሩ ጽፏል።

«ዕድሜዬ አልፏል» የሚል አድማጭ ካለ ፊሊስ ዲለርን ልጥቀስለት። ይህች ሴት በ1955 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ መድረክ ላይ ስትወጣ የ37 ዓመት ሰውና የአምስት ልጆች እናት ነበረች። የጽሕፈት ቤት ሰው ለዚህ አይሆንም ለሚል ደግሞ ቦብ ኒውሃርት አለ። በቺካጎ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረ፤ ለሥራ አጦች ድጎማ በሚከፍል መሥሪያ ቤትም በጸሐፊነት አገልግሏል። በ1960 ዓ.ም. በሂዩስተን ከተማ ታዋቂውን ሸክላ ሲያስቀዳ፣ በምሽት ክበብ መድረክ ላይ ሲቆም የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ይህን ሰምቶ «እንግዲህ ልምምድ አያስፈልግም» የሚል እንዳይኖር ልጨምር፤ ኒውሃርት በስልክ የሚነጋገር ሰው እየመሰለ ቀልዱን በቴፕ ሲቀዳና ሲያርም የቆየ ሰው ነበረ። በ2024 ዓ.ም. በ94 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ያ የጸሐፊ ዝግታው አልተለየውም።

ስለ ቀልድ ባለቤትነት ጥቂት ልበል። በአገራችን ቀልድ እንደ ተረት ባለቤት የለውም፤ ማንም የፈጠረውን ለአለቃ ገብረ ሃና ሰጥተን እንናገራለን፤ በለቅሶ ቤትና በሠርግ ቤት ይህ ነውር አይደለም። በመድረክ ግን የሌላ ሰው ቀልድ ይዞ መውጣት ስርቆት ነው፤ አንድ ጊዜ የተያዘ ሰው በሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ ስሙ ቶሎ አይጠራም።

የሚቀለድበትን ሰው መምረጥም ያስፈልጋል። የሌላ አካባቢ ሰው አነጋገር ማስመሰል፣ በአካለ ስንኩል ሰው መሣቅ፣ ወፍራሟን ሴት ከፊት ወንበር ፈልጎ መንካት ለጀማሪ ፈጣን ሣቅ ያመጣል። እኔ ይህን ከክፋት ይልቅ ስንፍና እለዋለሁ፤ ሣቁ የተገኘው ከጀማሪው ሥራ አይደለምና። መንግሥት ሠራተኛ ለሆነ ሰው ሌላም ጉዳይ አለ። በማግሥቱ ጧት ኃላፊዎ ፊት የሰዓት ፊርማ ሊፈርሙ ነው፤ በአዳራሹ ደግሞ ብዙ ስልክ ተደቅኗል። ኃላፊውን ትተው ራስዎን የቀልዱ መነሻ ቢያደርጉ፣ ለምሳሌ የዚያ የጠፋው ኮሚቴ ጸሐፊ እርስዎ ቢሆኑ፣ ቀልዱ አይደክምም፤ እንዲያውም ይበረታል። እንግዳው ሰው የሚያየው እርስዎን ነውና።

ከተቀመጡት አንዱ ጮሆ ቢያቋርጥዎ በሦስተኛው ምሽትዎ ላይ ከእርሱ ጋር አይግጠሙ፤ የእርስዎ ማይክሮፎን ይበልጣል፤ ቀጥሉ። የገንዘብ ነገር ከሆነ ደግሞ ለጀማሪ ክፍያ የለም። በ1979 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የኮሜዲ ስቶር ቀልደኞች ቤቱ በሰው እየሞላ ያለ ክፍያ መሥራት ሰልችቷቸው ለሳምንታት አድማ ካደረጉ በኋላ ነው፣ ለአንድ አቀራረብ 25 ዶላር እንዲከፈል የተስማሙት። ስለዚህ የወር ደመወዝዎን አይልቀቁ።

በመጨረሻ፣ ተራዎ ሲያልፍ ኮትዎን አንሥተው አይውጡ። በጀማሪዎች ዘንድ ከዚህ የከፋ አለመከባበር የለም፤ እርስዎን ያዳመጡትን ሰዎች እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ያዳምጡ። ምሽቱ ሲያበቃ የዝግጅቱን ኃላፊ ፈልገው ለሚቀጥለው ሳምንት ስምዎን ያስጽፉ። የቀዱትን ድምፅ ግን እዚያው መንገድ ላይ አይክፈቱት፤ ለነገ ጧት ይቆይ።