ዓይን ሲቆጣ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከመንዝ፥ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ የመጣን ተማሪዎች ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ የዓይን ሕመም ነው። በአገራችን ቁስል ሲቀላ፥ ሲያብጥና ሲያቃጥል «ተቆጣ» ይባላል። ይህ አባባል ከሳይንስ የራቀ አይደለም። ነገር ግን የሚቆጣው ማን ነው? ቁጣውስ የሚጠቅም ነው ወይስ የሚጎዳ? ይህን ለይተን ብናውቅ ብዙ ዓይን ከመጥፋት ሊድን ይችላል።

ቫይረስ ወደ ዓይን ሲገባ፥ የተወረረው ሕዋስ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ለጎረቤቶቹ መልእክት ይልካል። መልእክቱን የሚያደርሱት ሳይቶካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ኢንተርፌሮን ነው፤ ይህንንም አይዛክስና ሊንደንማን የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ለንደን ውስጥ አገኙት። ኢንተርፌሮን ቫይረሱን በራሱ አይገድልም፤ ያልተነኩት ሕዋሳት ቫይረሱ እንዳይራባባቸው በራቸውን እንዲዘጉ ያስጠነቅቃቸዋል። ኢንተርሊውኪን 1፥ ኢንተርሊውኪን 6 እና ቲኤንኤፍ የተባሉት ደግሞ የደም ሥሮችን ያሰፋሉ፥ ውሃም እንዲያሳልፉ ያደርጋሉ። ዓይን የሚቀላውና የሚያብጠው ስለዚህ ነው። ኢንተርሊውኪን 8 ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ስፍራው ይጠራል።

በአገራችን ሌባ ገባ ተብሎ እሪ ሲባል፥ መንደሩ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይደርሳል። ሌባው ይያዛል፤ ነገር ግን ሰዉ ሁሉ በገብስ ማሳ ላይ ከሮጠ ማሳው ይረገጣል። የዓይን ነገርም እንዲሁ ነው። ኮርኒያ የሚባለው የዓይን መስታወት ብርሃን የሚያሳልፈው የደም ሥር ስለሌለውና ክሮቹ በሥርዓት ስለ ተደረደሩ ነው። ለእርዳታ የተጠሩት ሕዋሳት በብዛት ሲገቡበት ይህ ሥርዓት ይፈርሳል፥ የደም ሥር ይበቅልበታል፥ በመጨረሻም ነጭ ጠባሳ ይቀራል። ቫይረሱ ቢሸነፍም ሰውየው አያይም።

ለዚህ ዋናው ምሳሌ ኸርፐስ ነው። ይህ ቫይረስ አንድ ጊዜ ከገባ በፊት ነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖራል፤ ከዓመታት በኋላም ሊነሣ ይችላል። መጀመሪያ በኮርኒያው ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበተነ ቁስል ያወጣል፤ ይህ የቫይረሱ ሥራ ነው። ወደ ውስጥ ዘልቆ ኮርኒያውን የሚያደበዝዘው ሕመም ግን በአብዛኛው የሰውነት የራሱ ቁጣ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው «ቁጣው ከጎዳ፥ ቁጣውን በመድኃኒት ማብረድ ነው» ይል ይሆናል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ መልእክተኞቹን ዝም ያሰኛል፤ ዓይኑ በሁለት ቀን ይነጣል፥ በሽተኛውም ይደሰታል። ነገር ግን የኸርፐስ ቁስል ባለበት ዓይን ጠባቂው ዝም ሲል ቫይረሱ ይሰፋል፥ ቁስሉም ይብሳል። በአንጻሩ ሐኪም መርምሮ፥ ፀረ ቫይረስ ጨምሮ፥ ለውስጠኛው ሕመም ሲያዝዘው ይኸው ጠብታ ዓይን ያድናል። እንዲሁም በአሜሪካ በተደረገና በ1998 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፥ አሲክሎቪር በቀን ሁለት ጊዜ ለ1 ዓመት ከወሰዱት በሽተኞች ሕመሙ የተመለሰባቸው ከመቶ 19 ሲሆኑ፥ ካልወሰዱት ግን ከመቶ 32 ነበሩ።

ኩፍኝንም መርሳት የለብንም። ቪታሚን ኤ ያነሰው ሕፃን ኩፍኝ ሲይዘው ኮርኒያው ሊቀልጥ ይችላል። ስለዚህ ከክትባቱ ሌላ፥ በኩፍኝ ለታመመ ከ1 ዓመት በላይ ላለ ልጅ በጤና ድርጅት 200,000 ዩኒት ቪታሚን ኤ በ2 ተከታታይ ቀናት ይሰጠዋል። የዓይን ማዝ ግን ከዚህ ይለያል፤ ቀድሞ ከቫይረስ ወገን ቢቈጠርም ባክቴርያ መሆኑ ታውቋል፥ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ሆኖም እዚያም ሽፋሽፍቱን የሚያዞረው ጠባሳ የሚመጣው ተመላልሶ ከሚነሣው ቁጣ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ከአገራችን ደጋ ወርዶ ወደ ዓይን ሐኪም መድረስ ለገበሬ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለጎረቤት ታዝዞ የተረፈው ጠብታ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ቅጠልም ተጨምቆ ይጨመራል። ለዕረፍት ስንመለስ ሐኪም ነን እንዳንል፤ ነገር ግን ሦስት ነገር እንናገር። አንደኛ፥ ያልታዘዘ ጠብታ ወደ ዓይን አይግባ። ሁለተኛ፥ የሚያም፥ ብርሃን የሚያስፈራው ወይም የደበዘዘ ቀይ ዓይን ሳይውል ሳያድር ይታይ። ሦስተኛ፥ ፎጣ ለየብቻ ይሁን፥ እጅም ይታጠብ፤ ይህ ሦስተኛው በመኝታ ቤታችን ለምንኖረው ለእኛም ነው።

ዓይን የሚቆጣው ሊጠብቀን ብሎ ነው። ቁጣውን በጭፍን ማፈንም ሆነ ችላ ማለት ያሳውራል፤ የሚያድነው መርምሮ መለየት ነው።