ክሎሪኑን ከመክሰሳችን በፊት
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት በምግብ አዳራሽ «የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት ካንሰር ያመጣል፤ የምንጭ ውኃ ይሻላል» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችንም ቃሉን አምነን ከምንጭ በጀሪካን ማስቀዳት ጀምረናል። ነገሩ የሁላችንን ጤና የሚነካ ስለ ሆነ ዛሬ የምናውቀውን ልናስረዳ ተነሥተናል።

በመጀመሪያ ፍርሃቱ ከምንም የመጣ አይደለም። በ1974 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር የሮተርዳም የውኃ አገልግሎት ኬሚስት ዮሐንስ ሮክ፣ ክሎሪን በተጨመረበት የወንዝ ውኃ ውስጥ ክሎሮፎርምና መሰሎቹ እንደሚፈጠሩ አስታወቀ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ተመራማሪዎችም ይህንኑ በአገራቸው ውኃ አገኙት። ትራይሃሎሜቴን የሚባሉትን የእነዚህን ውሕዶች ድምር አሜሪካ በ1979 እ.ኤ.አ. በሊትር ከ100 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወሰነች፤ በ1998 ወደ 80 ዝቅ አደረገችው። እንዲህ ያለውን ውኃ ለብዙ ዓመታት በጠጡ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከፊኛ ካንሰር ጋር ግንኙነት እንዳለው ያመለክታሉ።

ነገር ግን ክሎሪን ብቻውን እነዚህን አይወልድም። ክረምት በገባ ጊዜ የበሰበሰ ቅጠልና ሣር ከአፈር ጋር እየታጠበ ወደ ወንዝና ወደ ግድብ ይገባል። ውኃውን እንደ ቀጭን ሻይ የሚያቀልመው ይኸው ነው። ክሎሪኑ ከዚህ ጋር ሲገናኝ ነው ነገሩ የሚፈጠረው። ስለዚህ እንደ ለገዳዲና ገፈርሳ ካሉ ግድቦች የሚመጣ ውኃ ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ይልቅ ጥንቃቄ ያሻዋል።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? እናቶቻችን የጠላውን ጋን በግራዋ አጥበው ኋላ በወይራ ያጥኑታል እንጂ ያልታጠበ ጋን አያጥኑም። የውኃውም ሥራ እንደዚሁ ነው። አስቀድሞ አሉም ተጨምሮ የቅጠሉ ዝቃጭ ተቋጥሮ ይወርዳል፤ ቀጥሎ በአሸዋ ይጣራል፤ ክሎሪኑ በመጨረሻ ይገባል። ክሎሪን ገና በመግቢያው ላይ በብዛት ከተጨመረ ግን የሚያገኘው ቆሻሻውን ነው።

አንዴ ከተፈጠሩ በኋላ ማውጣቱ ይከብዳል። ለዚሁ የተዘጋጀ ከሰል ይይዛቸዋል፤ ነገር ግን ይጠግባልና በየጊዜው መለወጥ አለበት። ክሎሮፎርም በነፋስ ሲመታ ይተናል፤ ሃሎአሴቲክ አሲድ የሚባሉት ሌሎቹ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሄዱም። በቤትም ውኃ ማፍላት ክሎሮፎርሙን አብዛኛውን ያበንነዋል። ሆኖም ጠባቂው ክሎሪንም አብሮ ስለሚሄድ የፈላው ውኃ በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ይቀመጥ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ሁለቱን አደጋዎች በአንድ ሚዛን እንመዝናቸው። የክሎሪን ውላጅ ጉዳት ቢኖረው በብዙ አሥር ዓመታት የሚታይ ትንሽ አደጋ ነው። ኮሌራ ግን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በባሌ የተነሣው ኮሌራ ወደ ሌሎች ክፍላተ አገር እንደ ተዛመተ አንርሳ። የዓለም ጤና ድርጅትም እነዚህን ውሕዶች ለመቀነስ ሲባል ጀርም ማጥፋቱ እንዳይጓደል ያሳስባል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ያልፈላ የምንጭ ውኃ ማስቀዳቱ ዛሬውኑ ይቅር። ሁለተኛ፣ ኅብረታችን የምንጠጣው ውኃ የምርመራ ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ የሚመለከታቸውን ይጠይቅ፤ የኬሚስትሪ ተማሪዎችም ከመምህራን ጋር ውኃውን በየወሩ ይመርምሩ። በወሬ ከመፍራት ለክቶ ማወቅ ይሻላል።

ክሎሪኑ ይቆይ፤ ቅጠሉ ይውጣ።