የእሑድ ጠዋት ኮሪያኛ
(በተመራቂዎች የመገናኘት ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራ ውጪ ስለምትሠሪው ነገር አውሪን» አሉኝ። ኮሪያኛ እማራለሁ። አትሳቁ! ከልጄ ጋር የኮሪያ ድራማ ሳይ ጀመረኝ፤ ኋላም በስልክ ቋንቋ ከሚለዋወጡ ሰዎች መካከል የቹንቾን ከተማ ነዋሪ የሆነች አንዲት መምህርት አገኘሁ። እሷ አማርኛ፣ እኔ ኮሪያኛ። ለምን አማርኛ እንደመረጠች ስጠይቃት፣ ጃንሆይ በ1968 እ.ኤ.አ. በተገኙበት የተመረቀውን የቃኘው ዘማቾች ሐውልት እያየች ማደጓን ነገረችኝ።

የምናወራው እሑድ ነው። ኮሪያ ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛም አቆጣጠር ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ስለዚህ እኔ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እሷ ጋ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ነው። የሰዓታችን ቆጣሪ እኩል ነው ማለት ነው፤ ቀጠሮ ተሳስተን አናውቅም።

በመጀመሪያው ቀን የጠየቀችኝ ዕድሜዬን ነው። ለካ ኮሪያኛ የግሡ መጨረሻ በሰሚው ዕድሜና ማዕረግ ይለወጣል፤ «አንተ» እና «እርስዎ» እንደምንለው። በ4 ዓመት ስለምትበልጠኝ «ኦኒ» እላታለሁ፤ እትዬ እንደማለት። ለታላቅ ሰው ዕቃ ሲሰጡ ግራ እጅ የቀኙን ክንድ ይደግፋል ስትለኝ ደግሞ እናቴ ያስተማረችኝን ከሩቅ አገር ሰማሁት።

አንድ እሑድ «ህዋብዮንግ» የሚባል ነገር ነገረችኝ። «ህዋ» እሳትም ቁጣም ነው፣ «ብዮንግ» ሕመም። ለዓመታት ቁጣቸውን ውጠው የኖሩ፣ በተለይ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴቶች የሚይዛቸው ነው፦ ደረት መጨነቅ፣ ሙቀት ሽቅብ መውጣት፣ የሆነ ነገር መወተፍ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው አራተኛ መመሪያ ከባህል ጋር በተያያዙ ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

እኔ ደግሞ በማግስቱ ኮልፌ፣ አየር ጤና አካባቢ፣ ሥራ ገባሁ። «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» ያሉኝ እናት የኤች ፓይሎሪ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጨርሰዋል፣ ኢንዶስኮፒያቸው ንጹሕ ነው። አማርኛችን ደግ ነው፤ ሰውም ያቃጥላል፣ ነገርም ያቃጥላል። «ማነው ያቃጠልዎት፣ እማማ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ ዐረብ አገር ሄዳ ለ8 ወር ድምፅዋ ስለጠፋ ልጃቸው ነገሩኝ። መድኃኒቱን አልከለከልኳቸውም። ግን ካርዱ ላይ «ኤፒጋስትሪክ ፔይን» ከሚለው ሥር የራሳቸውን ቃል በአማርኛ ጻፍኩት፤ ቀጣዩ ሐኪም ስለ ልጃቸው እንዲጠይቃቸው።

ለኦኒ ስለ ሠፈራችንም አውርቻታለሁ። ዘነበወርቅ በጃንሆይ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል እንደነበር፣ በ1965 እ.ኤ.አ. አለርት እዚያው እንደተመሠረተ ነገርኳት። እሷም በ1916 እ.ኤ.አ. በጃፓን አገዛዝ ዘመን ሆስፒታል ስለተከፈተባት ስለ ሶሮክ ደሴት ነገረችኝ። እዚያ የታመሙ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያዩት በወር አንድ ጊዜ፣ በመንገድ ግራና ቀኝ ተራርቀው ቆመው ነበር። መተቃቀፍ የለም። በሽተኛውን የሚጠሩበት የድሮ ቃል ዛሬ ስድብ ስለሆነ «የሃንሰን ሕመም» ይላሉ። እኛም «ቆማጣ» የሚለውን ትተን «የሥጋ ደዌ» ለማለት ዘመን ፈጅቶብናል፤ አንዳንድ ቦታ አሁንም አልተውነውም። እዚያው አለርት ግቢ ያለው የምርምር ተቋም የአርማወር ሃንሰንን ስም ይዞ መቆሙንም ስነግራት ደስ አላት።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ታሪክ አወሳሰድ ስታስተምሩ፣ ተማሪው ከእንግሊዝኛው በፊት በሽተኛው ያለውን እንዳለ ይጻፍ፤ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በጉራግኛ። «ጊዜ የለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እኔም ከበር ውጪ ሰልፍ እየጠበቀኝ ነው የምሠራው። የሚፈጀው አንድ መስመር ነው። ተመራቂዎች ደግሞ በየክሊኒካችሁ የሰማችሁትን ቃል ሰብስባችሁ ብትልኩልኝ፣ ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት አሰናድቼ አቀርበዋለሁ።