የከተማ ነዋሪ አቤቱታና የሕዝብ እንባ ጠባቂ፦ ጭሮና የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሠረቱ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 15 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተቋሙን እንዲያቋቁም ያዝዛል። ማቋቋሚያው አዋጅ ቁጥር 211 በ1992 ዓ.ም. ወጥቶ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1142 ተሻሽሏል። ዋና እንባ ጠባቂውን የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው፤ የተቋሙም ተጠሪነት ለምክር ቤቱ እንጂ ለአስፈጻሚው አካል አይደለም። እንዲህ ያለውን ሹመት በሕገ መንግሥቷ በማስፈር ቀዳሚዋ አገር ስዊድን ናት፤ ይህም የሆነው በ1809 እ.ኤ.አ. ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ የአስተዳደር ሥራን በደንብ ለመምራት የተደረገው ጥረት የቆየ ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ቀደም ሲል የጨርጨር ገዥ ነበሩ፤ ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪም የግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች። ያኔ ሹም የበደለው ሰው ያለው አማራጭ ወደ ሹሙ አለቃ፣ ሲከፋም እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ሄዶ አቤት ማለት ነበር። የአካባቢው የሽምግልና ሥርዓትም እስከ ዛሬ ብርቱ ነው፤ የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የሆነው ኦዳ ቡልቱም የሚገኘው በዚሁ ዞን ነው። ጃርሳ ቢያ (የአገር ሽማግሌዎች) ጎረቤትን ከጎረቤት ያስታርቃል። ነዋሪው ከማዘጋጃ ቤት ጋር ሲጣላ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አንደኛው ወገን ማኅተም፣ መዝገብና በጀት የያዘ መሥሪያ ቤት ስለሆነ እርቅ ብቻውን አይበቃም።

በጭሮ፣ በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በሂርና ወይም በሚኤሶ የሚኖር ሰው አቤቱታውን ከማቅረቡ በፊት ሊለየው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በኦሮሚያ የከተሞች አስተዳደር በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 65 መሠረት የተመረጠ የከተማ ምክር ቤትና በሥሩ የሚሠራ አስፈጻሚ አካል እንዲኖረው ተደርጎ ተደራጅቷል። በምርጫ የተቋቋመ ምክር ቤት በሕግ አውጪነቱ የሚወስነውን እንባ ጠባቂው አይመረምርም። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሁሉንም የሚመለከት ውሳኔ ቢያስከፋም፣ የሚታረመው በዚያው በምክር ቤቱ ወይም በምርጫ ነው። የመሬት ይዞታ ካርታ ያለ ምክንያት ሲዘገይ፣ የግንባታ ፈቃድ ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ሲከለከል፣ ቤቱ ለመንገድ የፈረሰበት ሰው ካሳው ሳይከፈለው ሲቀር ግን ጉዳዩ የአስፈጻሚው ሥራ ነውና ለምርመራ ክፍት ነው። በፍርድ ቤት የተያዘ ክርክር፣ ዋናው ኦዲተር በመመርመር ላይ ያለው ጉዳይና የአገር ደኅንነትን የሚመለከት የጸጥታና የመከላከያ ኃይሎች ውሳኔም ከተቋሙ ሥልጣን ውጭ ናቸው።

ተቋሙ አቤት ባዩ አስቀድሞ በበደለው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም በከተማው ወይም በዞኑ ቅሬታ ሰሚ በኩል መሞከሩን ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። «ዛሬ ሂድ፣ ነገ ና» የተባለ ሰው በእጁ የሚይዘው ወረቀት የለውም፤ እምቢታው በቃል ነው። ስለዚህ ማመልከቻን በመዝገብ ቤት አስመዝግቦ ቁጥርና ቀን የያዘውን ቅጂ ማስቀረት ከማንኛውም ልመና ይበልጣል። መረጃ የተነፈገ ነዋሪንም በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ይረዳዋል። መሥሪያ ቤቱ ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ የዚህን መረጃ የማግኘት መብት አፈጻጸም የሚከታተለውም ራሱ እንባ ጠባቂው ነው።

አቤቱታ በነጻ ይቀርባል። ተበዳዩ ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ቤተሰቡ፣ ወኪሉ ወይም ሦስተኛ ወገን ሊያቀርበው ይችላል፤ በጽሑፍም በቃልም ይቻላል። የቃል አቤቱታ መፈቀዱ ማንበብና መጻፍ ለማይችል ገበሬና ለራፖር ጸሐፊ መክፈል ለማይችል ድሃ ትልቅ ነገር ነው።

አቤቱታው ተቀባይነት ካገኘ መርማሪው ለከተማው አስተዳደር ጽፎ መልስ ይጠይቃል፤ ሰነድ ያስቀርባል፣ ምስክር ይሰማል፣ ቦታውንም ሊያይ ይችላል። ተቋሙ በመጀመሪያ ጉዳዩን በስምምነት ለመጨረስ ይጥራል፤ ይህም ለሽምግልና እንግዳ ላልሆነው ለጭሮ ሰው የሚገባው አካሄድ ነው። ካልሆነ የምርመራውን ግኝትና የመፍትሔ ሐሳቡን ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊና ለአቤት ባዩ በጽሑፍ ያሳውቃል። መፍትሔው በደል ያደረሰው አሠራር እንዲቆም፣ መመሪያው ተፈጻሚ እንዳይሆን ወይም የደረሰው በደል እንዲካስ የሚል ሊሆን ይችላል። ወንጀል ከተገኘ ደግሞ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል ያስተላልፋል።

እንባ ጠባቂው ዳኛ አይደለም፤ የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ እንጂ ፍርድ ስላልሆነ ካርታውን ራሱ አይሰጥም፣ ካሳውንም ራሱ አይከፍልም። የ1992ቱ አዋጅ ግን ሐሳቡ ሜዳ ላይ እንዲቀር አልተወውም። የደረሰውን ሪፖርት በሦስት ወር ውስጥ ያልፈጸመ ወይም ያልፈጸመበትን ምክንያት ያልገለጸ ኃላፊ በቅጣት እንደሚጠየቅ ደንግጓል። ድንጋጌው ጠንካራ ነው፤ ጥንካሬው የሚታየው ግን አቤት ባዩ ሦስቱን ወር ቆጥሮ አለመፈጸሙን መልሶ ለተቋሙ ሲያሳውቅና ተቋሙም የኃላፊውን ስም ጠርቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲያቀርብ ነው።

በምሥራቁ በኩል ተቋሙ በድሬዳዋ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው። ከመቻራ ወይም ከገለምሶ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ የሚወጣው የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ «አቤቱታ በነጻ ነው» የሚለውን ሕግ ለድሃው ዋጋ ያሳጣበታል። መርማሪዎች በተወሰነ ጊዜ ጭሮ እየመጡ አቤቱታን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በቃል ቢቀበሉ፣ ቀኑም አስቀድሞ በየከተማው ማዘጋጃ ቤት ቢለጠፍ፣ ለምዕራብ ሐረርጌ ነዋሪ ከማንኛውም አዲስ አዋጅ የበለጠ ይጠቅማል።