ፍሊት ነው ብዬ ነበር
አንዲት አባል በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ያደረገችው ንግግር

ሰብሳቢያችን ስለ ቤት አያያዝ አንድ ነገር ንገሪን ስላለችኝ የማፍርበትን መረጥኩ።

ልጆቼ ወትውተው አኳሪየም አስገዝተውኝ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ስንነሣ ከዘጠኙ ዓሦች ሰባቱ ሞተው ተንሳፈዋል። ሁለቱ ከላይ ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ትንሿ ልጄ አለቀሰች። የኔ ዓይን የሄደው ወደ ሠራተኛችን ነው። ማታ ለትንኝ ፍሊት ነፍታለች፤ ፍሊት ደግሞ በእርግጥ ዓሣ ይገድላል። «እትዬ፣ ጓዳ እንጂ ሳሎን አልነፋሁም» አለችኝ። አላመንኳትም። የተናገርኳትን እዚህ አልደግመውም። በሳምንቱ ዕቃዋን ይዛ ወጣች። ከመካከላችን በሰው ቤት ሠርተው ያደጉ ስላሉ፣ ባልሠሩት መጠርጠር ምን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም።

ሌላ ዓሣ ልገዛ ስሄድ ሻጩ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ውኃውን መቼ ቀየሩት?» ብሎ ነው። ክው አልኩ። ቅዳሜ ነዋ! ውኃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ገንዳውን ሙሉ በሙሉ ደፋሁት። ጠጠሩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ ፈትጌ አጠብኩ፣ በዚያው ውኃ ሞላሁት። ለንጽሕና ብዬ!

ለካ እኛን ከበሽታ የሚጠብቀን ክሎሪን የዓሣን መተንፈሻ ያቃጥላል። ስፖንጁ ላይ ያለው ጥቁር ነገርም ቆሻሻ ብቻ አይደለም። ከዓሦቹ የሚወጣውን አሞኒያ የሚለውጡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ነው። እነሱን አጥቤ ስጥል አሞኒያው ተጠራቀመ። የተረፉት ሁለቱም ሰነበቱና ሞቱ።

አሁን ውኃውን ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን አሳድረዋለሁ፤ ክሎሪኑ ይተናል። ክሎራሚን በሚጨመርበት አገር ያላችሁ ግን ማሳደር አይበቃችሁም፣ ከዓሣ መሸጫ የሚገኘው ጠብታ ያስፈልጋል። የምቀይረው ሩቡን ብቻ ነው። ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ጨመቅ ጨመቅ አደርጋለሁ፤ ሳሙና አይነካውም። መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ሲቆም፣ ከገንዳው በኩባያ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈስበታለሁ፣ አየር እንዲገባው። ዓሦቹ ከላይ ሆነው አፋቸውን ሲከፍቱ ካያችሁ ረሃብ ነው ብላችሁ ምግብ አትጨምሩ፤ የተረፈው ምግብ ራሱ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል።

ልጅቷን በደላላ አፈላልጌ አገኘኋት። ልጆቼ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ያስቀረሁባትንም ደመወዝ ከፈልኳት። ተመለሺ ስላት ግን «አሁን ያለሁበት ይሻለኛል፣ እትዬ» አለችኝ።